«ኖት ዲቴክትድ» ማለት «ድኛለሁ» ማለት አይደለም፦ ስለ ቫይራል ሎድ ምርመራ ለተጻፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በቴሌግራም ሲዘዋወር የነበረ አንድ ጽሑፍ እኔም ዘንድ ደረሰ። የላከችልኝ የኤችአይቪ መድኃኒት ከጀመረች አሥራ ሦስት ዓመት ያለፋት የቅርብ ሰው ናት። ከሥሩ «ይሄ ነገር እውነት ነው እንዴ?» ብላ አንድ መስመር ጽፋለች። ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ለእሷ ወዲያው ደውዬ መለስኩላት። ግን ያነበበችው እሷ ብቻ አይደለችም። ለሌሎቹም ልጻፍ ብዬ ነው ዛሬ የተቀመጥኩት።

የጽሑፉ ሐሳብ ባጭሩ ይሄ ነው። ፀረ-ኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው በየዓመቱ ለቫይራል ሎድ (በደም ውስጥ ያለውን የቫይረስ ብዛት ለሚለካው ምርመራ) ደም መስጠቱ ከንቱ ልፋት ነው፤ ደህና ከሆነ ሰውነቱ ይነግረዋል። ድሮ የመከላከያ ሴሎችን የሚቆጥረው ሲዲፎር ይበቃ ነበር፤ ቫይራል ሎድን ያመጡት ማሽን ሻጮች ናቸው። ቁጥሩ ዛሬ አንድ ነገ ሌላ ስለሚሆን አይታመንም። «ኖት ዲቴክትድ» («አልታየም») የሚል ውጤት የመጣለት ሰው ደግሞ ቫይረሱ ስለጠፋለት መድኃኒቱን ቢያቆም ምንም አይሆንም። በመጨረሻም ውጤቱ ወይ ይዘገያል ወይ ይጠፋል፤ ሲመጣም ለታካሚው መቆጫ ነው።

እኔ የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ደም በመቅዳት፣ ሴንትሪፉጅ በማዞር፣ ፕላዝማ (የደሙን ፈሳሽ ክፍል) በመለየት ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ከጸሐፊው ጋር የምስማማበት ነገር አለ፤ እሱንም አልደብቅም። ከነጥቦቹ አንዱ ግን ሰው የሚገድል ነው።

ከመጀመሪያው ልነሳ። ጸሐፊው ሰው ሰውነቱን ያውቃል ይላሉ። በብዙ በሽታ ልክ ናቸው። ኤችአይቪ ግን ዝም ብሎ የሚሠራ ቫይረስ ነው። መድኃኒት ያልጀመረ ሰው እንኳ በአማካይ ስምንት፣ አሥር ዓመት ያህል ይሄ ነው የሚባል ሕመም ሳይሰማው ሊቆይ ይችላል። መድኃኒት እየወሰደ ቫይረሱ ያመለጠበት ሰውም እንደዚያው ነው። አንድ ሚሊ ሊትር ደሙ ውስጥ ሃምሳ ሺህ ቫይረስ እየዞረ ሥራ ይውላል፣ ሰርግ ይሄዳል፣ ኪሎም ይጨምራል። እንዲህ ያለ ውጤት ስንት ጊዜ በእጄ ይዣለሁ። ባለቤቱ መስኮቱ ጋ ቆሞ እየሳቀ ያወራኛል፤ ምንም አልተሰማውም። ምልክቱ እስኪመጣ ከጠበቅን ወራት፣ ምናልባትም ዓመታት አልፈዋል። በዚህ መሀል ቫይረሱ መድኃኒቱን መለማመድ ይችላል። ወደ ትዳር ጓደኛም ሊተላለፍ ይችላል።

ጸሐፊው ለዚህ ነጥባቸው ኡጋንዳና ዚምባብዌ ውስጥ የተሠራ አንድ ጥናት ጠቅሰዋል። ስሙን አልጻፉትም፤ ዳርት ይባላል። ጥናቱ እውነተኛ ነው። 3316 ሰዎች ተሳትፈውበታል። ለግማሾቹ የላብራቶሪ ውጤታቸው በየጊዜው ለሐኪሞቻቸው ይደርስ ነበር። ሌሎቹ በዋናነት በሕመም ምልክት ብቻ ተከታትለዋል። ከአምስት ዓመት በኋላ ከመጀመሪያዎቹ 90 በመቶ፣ ከሁለተኛዎቹ 87 በመቶ በሕይወት ነበሩ። ጸሐፊው ከዚህ የወሰዱት ልዩነቱ ትንሽ መሆኑን ነው። ለእኔ ከመቶ ሦስት ሰው ትንሽ አይደለም። ደግሞም ያ ጥናት ያነጻጸረው ሲዲፎርንና መደበኛ የደም ምርመራዎችን ነው፤ የቫይራል ሎድ ክትትል አልነበረበትም። ስለዚህ ቫይራል ሎድ አያስፈልግም ለሚል ክርክር ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

የጥናቱ ትልቅ ትምህርት ሌላ ነው። ላብራቶሪ የለም ተብሎ ማንም ሰው መድኃኒት አይከልከል። ይሄን በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ። አገራችን በ2005 እ.ኤ.አ. መድኃኒቱን በነጻ መስጠት ስትጀምር ቫይራል ሎድ የሚለካበት ቦታ ለአብዛኛው ታካሚ ሕልም ነበር። ያኔ ማሽን እስኪመጣ ይቆይ ቢባል ስንቱ ሰው ባለቀ። መድኃኒት ለመጀመር ማሽን አልጠበቅንም፤ ደግ አደረግን። ማሽኑ ከመጣ በኋላ አንጠቀምበት ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

ወደ ሲዲፎር ልለፍ። ሲዲፎር የሚለካው የመከላከያ ሴሎችን ብዛት ነው። ጤነኛ ሰው ላይ ብዙውን ጊዜ ከ500 በላይ ነው። ቫይራል ሎድ የሚቆጥረው ራሱን ቫይረሱን ነው። መድኃኒቱ ሥራውን ሲያቆም መጀመሪያ ከፍ የሚለው ቫይረሱ ነው። ሲዲፎር የሚወርደው ቆይቶ ነው፤ ብዙ ጊዜ ወራት ቆይቶ። ሲዲፎር ወርዶ አይተን መድኃኒት ልንቀይር ስንነሳ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል። ሲዲፎር በጉንፋን ይወርዳል፣ በእርግዝና ይወርዳል፣ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ እንኳ ይለያያል። ብቻውን ብንከተለው መድኃኒቱ የሚሠራለትን ሰው እንቀይርበታለን፣ የማይሠራለትን እናልፈዋለን። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 እ.ኤ.አ. ለክትትል ቫይራል ሎድ ይቅደም ያለው በዚህ ምክንያት ነው።

ማሽን ሻጭ አያተርፍም አልልም፤ ያተርፋል። ለምርመራው የሚያስፈልገው ኬሚካል (ሪኤጀንት) ውድ ነው። በዋጋው ላይ መንግሥታት ጠንክረው ቢደራደሩ እኔም ደስ ይለኛል። ግን አንድ ነገር ትርፍ አለው ማለት ጥቅም የለውም ማለት አይደለም።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው አንድ ነገር ልጨምርላቸው። ሲዲፎርን የናፈቁት ያለ ምክንያት አይደለም። ድሮ መድኃኒት ለመጀመር መስፈርቱ ሲዲፎር ነበር። መጀመሪያ 200፣ በ2010 እ.ኤ.አ. 350፣ በ2013 እ.ኤ.አ. 500 ሆነ። ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ ቫይረሱ የተገኘበት ሁሉ ይጀምር ተባለ። ከዚያ በኋላ ሲዲፎር ተረሳ። ይሄ ስህተት ነው። አዲስ የተመረመረ ሰው፣ መድኃኒት አቋርጦ የተመለሰ ሰው ሲዲፎሩ መታየት አለበት። ከ200 በታች ከሆነ ከባድ አደጋ ላይ ነው። ለቲቢ በሽንት፣ አንጎልን ለሚያጠቃው ፈንገስ በደም ቶሎ መመርመር ይኖርበታል። እነዚህ ሁለቱ ናቸው ዛሬም ሰው የሚጨርሱብን። ስለዚህ ሁለቱም ምርመራዎች ይኑሩ፤ ሥራቸው ይለያያል።

ቁጥሩ ይዋዥቃል ስለሚለው ብዙ አልቆይም። ጸሐፊው የአንድ ሰው ውጤት አምና «አልታየም»፣ ዘንድሮ 70 ቅጂ (በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ የተቆጠረ ቫይረስ)፣ ከሦስት ወር በኋላ እንደገና «አልታየም» ሆነ ይላሉ። ይሄ የታወቀ ነገር ነው። ማሽኖቹ እንደየዓይነታቸው ከ20 ወይም ከ40 ቅጂ በታች ያለውን በትክክል መቁጠር አይችሉም። ከዚያ መስመር አካባቢ ያለ ሰው አንዴ ከላይ አንዴ ከታች ቢወጣ አይገርምም። ያው ደም ሁለቴ ቢለካ እንኳ በሁለት እጥፍ፣ በሦስት እጥፍ የሚለያይበት ጊዜ አለ። ለዚህ ነው መመሪያው ለ70 የማይደነግጠው። መድኃኒት አልሠራም ብሎ ለመጠርጠር 1000 ማለፍ አለበት። ያም ሆኖ ባንድ ውጤት መድኃኒት ወዲያው አይቀየርም። ምክር ይሰጣል፣ ሦስት ወር ያህል ይጠበቃል፣ እንደገና ይለካል። ሥርዓቱ የተሠራው ቁጥር እንደሚዋዥቅ ታውቆ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። እጄ የሚንቀጠቀጠው እዚህ ጋ ነው።

አንዲት እናት ትዝ ይሉኛል። አንድ ቀን ወረቀታቸውን እንደ ሎተሪ ቲኬት ይዘው መጡ። «ልጄ፣ እንግዲህ ጨርሻለሁ አይደል?» አሉኝ። ወረቀቱ «ኖት ዲቴክትድ» ይላል። አልጨረሱም ስላቸው ፊታቸው ጠቆረ። ከሳምንት በኋላ ተመልሰው መጡ። ሌላ ቦታ ሄደው በጣት ጠብታ ተመርምረው ኖሯል። የዚያ ውጤት ደግሞ ፖዘቲቭ ነው። «አንዳችሁ ዋሽታችኋል» አሉኝ። የዚህ ጽሑፍ ባለቤትም ያሉት ይሄንኑ ነው። ሁለት ምርመራ ሁለት ተቃራኒ ነገር ከተናገረ አንዱ ሐሰት ነው ይላሉ።

ሁለቱም አልዋሹም። የጣት ጠብታው ቫይረሱን አይፈልግም። የሚፈልገው ሰውነት ቫይረሱን ለመዋጋት የሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ያ አንዴ ከተሠራ አብዛኛው ሰው ላይ ዕድሜ ልክ ይቆያል። (ከእናቱ ወደ ሕፃኑም ይተላለፋል። ስለዚህ አሥራ ስምንት ወር ያልሞላው ልጅ በጣት ጠብታ ብቻ ቫይረሱ አለበት አይባልም፤ ራሱን ቫይረሱን የሚፈልግ ምርመራ ይደረግለታል።) አንዳንድ ጊዜ ተቃራኒውም ይሆናል። በቫይረሱ በተያዘ ሰሞን መድኃኒት የጀመረ ሰው በጣት ጠብታ ነጌቲቭ ሊወጣ ይችላል። ቫይረሱ ግን አለ። መድኃኒት የጀመረ ሰው እንደገና በጣት ጠብታ እንዳይመረመር የሚመከረው እንዲህ ያለ ውዥንብር ስለሚፈጥር ነው። ነጌቲቭ ወጣሁ ብሎ መድኃኒት የጣለ ሰው አውቃለሁ። ተሸክመው ነው ያመጡት።

ቫይራል ሎድ ደግሞ የሚቆጥረው በደም ውስጥ በነጻ የሚንሳፈፈውን ቫይረስ ነው። ቫይረሱ ግን የሚኖረው እዚያ ብቻ አይደለም። በሚያንቀላፉ የመከላከያ ሴሎች ውስጥ ገብቶ፣ ከሴሉ የዘር ቅንጣት ጋር ተጣብቆ ይተኛል። መድኃኒቱ እዚያ አይደርስበትም፤ ማሽኑም አያየውም።

ለእኚያ እናት ያስረዳኋቸው በእሳት ነው። ማታ እሳት አዳፍነን እንተኛለን። ምድጃው ላይ የሚታየው አመድ ነው። ጠዋት አመዱን ገለጥ አድርገው እፍ ሲሉበት ግን ይቀጣጠላል። መድኃኒቱ አመዱ ነው አልኳቸው። «ኖት ዲቴክትድ» ማለት በደንብ ተዳፍኗል ማለት ነው። ገባቸው። ዝም ብለው ቆዩና «ታዲያ እስከ መቼ?» አሉኝ። ለጊዜው ዕድሜ ልክ ነው አልኳቸው።

መድኃኒት ሲቆም አብዛኛው ሰው ላይ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ቫይረሱ ደም ውስጥ ተመልሶ ይታያል። ይሄ በግምት የሚወራ አይደለም፤ ተሞክሯል። ስማርት በተባለው ጥናት ከ5400 በላይ ሰዎች ተሳትፈዋል። ግማሾቹ ሲዲፎራቸው ከ350 በላይ ሲሆን መድኃኒት እንዲያቆሙ፣ ከ250 በታች ሲወርድ እንዲጀምሩ ተደረገ። የታሰበው ሰውነታቸው ከመድኃኒቱ እንዲያርፍ ነበር። በጥር 2006 እ.ኤ.አ. ያ አሠራር እንዲቆም ተወሰነ። ያቆሙት ሰዎች ካላቋረጡት ከሁለት እጥፍ በላይ ይታመሙና ይሞቱ ነበር። የተመረጡት ደህና ሰዎች ነበሩ፤ በየጊዜውም ይታዩ ነበር። ቤቱ ሆኖ ለማንም ሳይናገር የሚያቆም ሰው ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት።

ጸሐፊው በጠበል ተፈወሱ ስለተባሉ ሰዎችም ጽፈዋል። በሰው እምነት አልገባም፤ እኔም ጠበል እጠመቃለሁ። ግን ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው ጠበሉና መድኃኒቱ እንደማይጣሉ፣ ሁለቱም አብረው እንደሚወሰዱ በ2007 እ.ኤ.አ. በይፋ ተናግረው ነበር። እንጦጦ ለሱባኤ የሚወጣ ሰው ኪሱ ውስጥ መድኃኒቱን ይዞ ቢወጣ እምነቱ አይጎድልም።

ደግሞ «ኖት ዲቴክትድ» ትንሽ ነገር አይደለም። ድኛለሁ ማለት ባይሆንም ትልቅ የምሥራች ነው። በአውሮፓ 14 አገሮች በተሠራ ጥናት፣ አንዳቸው ቫይረሱ ያለባቸው፣ አንዳቸው የሌለባቸው 888 ጥንዶች ተከታትለዋል። ውጤቱ በ2016 እ.ኤ.አ. ወጣ። 58 ሺህ ያህል ጊዜ ያለ ኮንዶም ግንኙነት አድርገዋል። ቫይረሱ በመድኃኒት የተያዘለት ሰው ለጓደኛው ያስተላለፈበት አንድም አጋጣሚ አልተገኘም። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2023 እ.ኤ.አ. ቫይረሱ ያልታየበትና መድኃኒቱን በደንብ የሚወስድ ሰው በግንኙነት አያስተላልፍም ብሏል። ካልታየ አይተላለፍም። ጡት ማጥባት ላይ ግን ይሄ እንዳለ አይሠራም። አደጋው በጣም ይቀንሳል እንጂ ዜሮ አይሆንም። ስለዚህ የሕፃኑ መድኃኒትና ምርመራ መቅረት የለበትም።

እንግዲህ ያለ ቫይራል ሎድ ይሄን ማን ይነግረናል? ባልና ሚስት ሳይፈሩ እንዲተኙ የሚያደርጋቸው፣ ልጅ እንዲወልዱ የሚያስችላቸው ይሄው ጸሐፊው ከንቱ ያሉት ቁጥር ነው። በየወሩ መመላለስ ቀርቶ የስድስት ወር መድኃኒት በአንዴ የሚሰጠውም ውጤቱ ጥሩ ለሆነ ሰው ነው።

ውጤት ይዘገያል፣ ይጠፋል ስለሚለው ከጸሐፊው ጋር አልከራከርም። እውነት ነው። እንዲያውም ከእሳቸው በላይ እኔ ልንገራችሁ።

ደሙ ሐምራዊ ክዳን ባለው ቱቦ ይቀዳል። በ24 ሰዓት ውስጥ ሴንትሪፉጅ ገብቶ ፕላዝማው መለየት አለበት። ከዚያ በቅዝቃዜ ተይዞ ማሽኑ ወዳለበት ከተማ ይሄዳል። ፖስታ ቤትም ናሙና ሲያጓጉዝ ቆይቷል። በዚህ መንገድ ላይ የሚበላሸው ብዙ ነው። መብራት ይጠፋል። ደሙ ይረጋል። ቱቦው ላይ ያለው ቁጥርና ቅጹ ላይ ያለው ቁጥር አይገጥምም። ናሙናው ውድቅ ይሆናል። ታካሚው ግን ሰጥቻለሁ ብሎ ቤቱ ተቀምጧል።

በሠራሁበት አንድ ተቋም የሆነውን አልረሳውም። አንድ ሰው በየቀጠሮው ውጤቴ መጣ ወይ እያለ ይጠይቃል። አልመጣም ይባላል። አምስት ወር አለፈ። በኋላ ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ከሌሎች ጋር ተጠርንፎ ተገኘ። ከአራት ወር በፊት መጥቷል። ቁጥሩ ከአሥር ሺህ በላይ ነበር። ያ ሰው አራት ወር ሙሉ የማይሠራ መድኃኒት በሰዓቱ ሲውጥ ነበር። ይቅርታ ጠየቅነው። «ይቅርታው ለእኔ ነው ለሚስቴ?» አለ። የምመልስለት አጣሁ።

ታዲያ ከዚህ ተነስቶ ምርመራው ይቅር ማለት ይቻላል? ለእኔ መፍትሔው ውጤቱን ማፍጠን ነው። መንገዱም አለ። ለቲቢ የምንጠቀምበት ጂን ኤክስፐርት የሚባለው ማሽን ቫይራል ሎድንም በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይለካል፤ ናሙናው የሚገባበት ካርትሪጅ ብቻ ይለያያል። ለእርጉዝ፣ ለሕፃን፣ ውጤቱ 1000 ላለፈ ሰው እዚያው በዚያው ቀን መስጠት ይቻላል። ቅዝቃዜ በሌለበት ደግሞ ደም በወረቀት ላይ አድርቆ መላክ አለ። ከሁሉም በፊት ግን ውጤቱን ከመሳቢያ ወደ ታካሚው ካርድ የሚያደርስ ሰው ያስፈልጋል። በ2025 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የአሜሪካ እርዳታ በድንገት ሲቋረጥ ይሄን ሥራ ይሠሩ የነበሩ ብዙ ሰዎች ቤታቸው ገቡ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ምርመራው ከንቱ ነው የሚል ጽሑፍ ሲወጣ የምጨነቀው ለዚህ ነው። በጀት የሚቆርጥ ሰው ሰበብ አያጣም፤ እኛው ልንሰጠው አይገባም።

እናንተ መድኃኒት የምትወስዱም አንድ ነገር አድርጉ። ደም የሰጣችሁበትን ቀን ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። ሲደርስ ቁጥሩን ጠይቁ፤ «ጥሩ ነው» ብቻ ሲሏችሁ አትሂዱ። ከወር በላይ ከቆየ ናሙናዬ ውድቅ ሆኖ ይሆን ብላችሁ ጠይቁ። መብታችሁ ነው።

መቆጫ ሆነ ስለሚለውም እውነት አላቸው፤ ያማል። ቁጥሩ ከፍ ሲል የመጀመሪያው ቃል «አልወሰድሽም» የሆነበትን ክፍል አይቻለሁ። አንዲት እርጉዝ ልጅ እንዲህ ተብላ እያለቀሰች ናሙና ልትደግም መጣች። «ወንድሜ፣ አንድ ቀን አላሳለፍኩም» አለችኝ። ሌላ ምን ትወስጃለሽ ስላት ለእርግዝና የተሰጣትን አይረንና ካልሲየም ነገረችኝ። ሁሉንም ጠዋት በባዶ ሆዷ ባንድ ላይ ነው የምትውጠው። አሁን የምንሰጠው መድኃኒት ውስጥ ያለው ዶሉቴግራቪር ከአይረንና ከካልሲየም ጋር በባዶ ሆድ ከተዋጠ በደንብ ወደ ደም አይገባም። ወይ ሁሉም ከምግብ ጋር ይወሰዳሉ፤ ወይ ዶሉቴግራቪር ሁለት ሰዓት ይቀድማል ወይም ስድስት ሰዓት ይዘገያል። ማግኒዚየም ወይም አሉሚኒየም ያለባቸው የጨጓራ ማስታገሻዎችም እንዲሁ ናቸው፤ እነሱ ከምግብ ጋርም ቢሆን መራራቅ አለባቸው። ሪፋምፒሲን ያለበት የቲቢ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ዶሉቴግራቪሩ በቀን ሁለቴ መሆን አለበት። ለልጅቷ ሰዓቱ ተስተካከለላት። ቀጣዩ ውጤቷ «አልታየም» ሆኖ መጣ። ያ ከፍ ያለ ቁጥር ባይኖር ማንም አይጠይቃትም ነበር፤ አደጋው ለልጇም ይተርፍ ነበር። ያጠፋው አነጋገራችን ነው። ቁጥሩ ጥያቄ የሚከፍት እንጂ ፍርድ የሚሰጥ መሆን የለበትም፤ ይሄን ለሥራ ባልደረቦቼ ነው የምለው።

ለጸሐፊው አንድ ልመና አለኝ። ስለ መዘግየቱ የጻፉት ይቆይ፤ እኔም እፈርምበታለሁ። ስለ ቁጣው የጻፉትም ይቆይ። ስለ ሲዲፎር ከፈለጉ በሌላ ጊዜ እንከራከር። «ኖት ዲቴክትድ» ያለው ሰው መድኃኒቱን ማቆም ይችላል የምትለዋን አንቀጽ ግን ዛሬ ያውጧት። ሲያወጧትም ስህተት ነበረች ብለው ይጻፉ። ጽሑፉን የላከችልኝ ሴት አንብባው ሦስት ቀን መድኃኒቷን አልዋጠችም ነበር።